የስልቻው ማሰሪያ

እናቴ በስልክ ወሬ አታረዝምም። በመስመሩ ላይ ሦስተኛ ሰው የሚያዳምጥ ይመስላታል፤ ስለዚህ የምትፈልገውን ተናግራ ትዘጋዋለች። በዚያ ጥር ግን ሰላምታዬን ሳታስጨርሰኝ፣ «መንገዱ ተከፍቷል ይላሉ። መጥተሽ አባትሽን እይልኝ» አለች። አልዘጋችውም። እስትንፋሷን እሰማ ነበር።

አባቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። አልሞተም፤ ቢያንስ ያን ጊዜ አልሞተም። መነነ። በስማዳ አንድ አራሽ ሚስቱንና ልጁን ትቶ ወደ በሽሎ በረሃ ሲወርድ ሰው «በረከቱ ይደርብን» ይላል እንጂ በሰኔ ማን እንደሚያርስላቸው አይጠይቅም። ቆብ ሲጭን የሙታን ጸሎት ተደግሞለታል፤ የምንኵስና ሥርዓቱ እንዲያ ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሞተ ቈጠረችው፤ ቀበሌው እንደ ጠፋ መዘገበው፤ እናቴ ግን እንደ ሕያው ሰው በየዓመቱ ስንቅ ትልክለት ጀመር። ሦስቱ አሳቦች እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ በቤታችን የተገነዘብሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ተናገርሁትና ዝም እንድል ተነገረኝ።

ወገዳ ስደርስ እናቴ መደብ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። እግሮቿ አብጠው ከጫማ አልፈዋል። ሐኪም አይታለች፤ ሐኪሙ የተናገረውንም ከእኔ ይልቅ በትክክል ደገመችልኝ።

«ልቤ ነው። ብዙም አልቈይ» አለች። «አባትሽ ካለ ስንቁን ልላክለት። ከሞተ ተዝካሩን ላውጣለት። ባለና በሞተ ሰው መካከል ተንጠልጥዬ መሞት አልፈልግም። ሂጂና አይተሽ ንገሪኝ፤ ሌላ ምንም አልለምንሽ።»

እሺ አልሁ። እሺ ያልሁት ግን እርሷ ባሰበችው ምክንያት አይደለም። እኔ ከአባቴ ይልቅ ስንቁን ለመከተል ነበር የመጣሁት።

ስንቁ በፍየል ቆዳ ስልቻ ይታሰራል፤ በሶ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ጨው። እህል ከተወቃ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይላካል። በልጅነቴ የክረምቱን ወራት የማስታውሰው በዚያ ስልቻ ነው። ጎተራው በሐምሌ ይጐድላል፤ በነሐሴ ድንች እንኳ በቍጥር ይሆናል፤ በጥር ግን ስልቻው ጢም ብሎ ሞልቶ ከምሰሶው ላይ ይንጠለጠላል። አንድ ጊዜ ከሥሩ ቁሜ ሽታውን ስስብ እናቴ አየችኝና ምንም ሳትናገር ስልቻውን ከፍ አድርጋ ሰቀለችው። ያን የከፍታ ልዩነት ዛሬም በስንዝር ልነግራችሁ እችላለሁ።

ስልቻውን ወደ በረሃው የሚያወርዱት የእናቴ የአጎት ልጅ ናቸው። አያ እላቸዋለሁ። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ሰው አስከትለው አያውቁም። አህያቸው በወገዳ ካሉት አህዮች ሁሉ የወፈረች ናት። አባቴን አገኙት ወይ ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው «አኑሬ መጣሁ» ነው። ደኅና ነው ወይ ሲባሉም «አኑሬ መጣሁ።» መካነ ኢየሱስ ዘመድ ቤት ተጠግቼ በምማርበት ዘመን አንዲት የጋይንት ልጅ አያን በአገሯ ከተማ፣ አርብ ገበያ ላይ አየኋቸው ብላኝ ነበር። ምን ሊያደርጉ እንደ ሄዱ አልጠየቅኋትም፤ መልሱን ለራሴ ሰጥቼ ነበርና። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቴ ስንቅ አርብ ገበያ ላይ ይሸጣል ብዬ አምን ነበር። ዲግሪ በዲግሪ ላይ ስደርብ፣ የሥነ ምድር መምህር ስሆን፣ ስለ ሌላ ነገር ሁሉ ማስረጃ ሳላገኝ ላለማመን ስሠለጥን፣ ይህችን እምነት ግን ያለ ማስረጃ ይዣት ኖርሁ።

አያ እንደምከተላቸው ሲሰሙ አልተቃወሙም። ይህም አጠራጠረኝ።

«ዶክተሯ በእግሯ ልትወርድ ነው?» አሉ ጫማዬን እያዩ። «ይኼ ጫማ መድረሱን ይደርሳል። መመለሱን አላውቅለት።»

«እርስዎ በምን ይወርዳሉ፣ አያ?»

«እኔማ በልማድ።»

የመጀመሪያውን ቀን በታጨደ የገብስ ማሳና በሽምብራ ማሳ መካከል ሜዳውን ተጓዝን። በማግስቱ ረፋድ ላይ መሬቱ ድንገት አለቀ። ከገደሉ አፋፍ ሲያዩት የበሽሎ ሸለቆ ወንዝ ያለበት አይመስልም፤ በደረጃ በደረጃ የተቈረጠ፣ ቡናማና አመድማ፣ ጭስ የማይታይበት፣ መንገድ የሌለበት፣ አንድም የቆርቆሮ ጣሪያ የማያብለጨልጭበት ባዶ ነው። ማዶው የሌላ አገር ይመስላል። አህያዋን አያ አፋፉ ላይ ካለች አንዲት ጎጆ አሰሩ፤ ከዚህ በታች አህያ አይወርድም።

እዚያው ጎጆ ጥላ ሥር ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጎልማሶች ተቀምጠው ነበር። የእርሻ ሰዎች ናቸው፤ እጃቸው ይመሰክራል። ቦርሳዬን ሳይጠይቁ ከፈቱና የድንጋይ መዶሻዬን አወጡ።

«ምን ልታደርጊ ነው የምትወርጂ?» አለ ታላቁ።

«ስንቅ ላደርስ።»

«በመዶሻ የሚደርስ ስንቅ አለ እንዴ?»

«ሽማግሌው ዶክተር ናት ብለዋል» አለ ሁለተኛው። «ድንጋዩ አሞት እንደሆነ።»

«እኔ ወርቅ ነው እላለሁ» አለ ታላቁ፣ እኔን ሳይሆን መዶሻውን እያየ። «እኅቴ፣ ካገኘሽ ለኛም ንገሪን። ከወሰድሽው በኋላ ግን አይደለም።»

ጥርጣሬያቸውን አከበርሁት። ሥርዓት ያለው ጥርጣሬ ነበር፤ ከሚታይ ነገር ተነሥቶ ወደሚቻል ነገር የሚሄድ። አያ ግን አበላሹት።

«ተዋት» አሉ። «የመናኙ ልጅ ናት።»

ሁለቱም ተነሡ። ታላቁ ኮፍያውን አወለቀ። መዶሻዬን በሁለት እጁ መለሰልኝና «በረከታቸው ይድረሰን» አለ። በአንድ ቃል ወርቁም መዶሻውም ተረሳ። እኔ መዶሻውን እዚያው ተውሁላቸው። ሰው ስለ አባቴ ብሎ እንዲያምነኝ አልፈልግም።

ቍልቍለቱ አራት ሰዓት ወሰደ። ላይኛው ድርብ ባዛልት፣ ከእሳተ ገሞራ የቀዘቀዘ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እንደ ተቈለለ እንጨት ዓምድ ዓምድ ሆኖ የቆመ፤ በመካከሉ ቀይ አፈር ቀጭን መስመር ሠርቶ ያልፋል፤ አንዱ የእሳተ ገሞራ ዘመን ከሌላው በፊት ጸጥ ያለበት ጊዜ ምልክት ነው። ታች እየወረድን ስንሄድ ቅጠሉ እያነሰ፣ እሾሁ እየረዘመ ሄደ። ሙቀቱ ከላይ ሳይሆን ከድንጋዩ ነበር የሚመጣው። ለሥራዬ ብዙ ሸለቆ አይቻለሁ፤ በሌሎቹ ውስጥ ግን ዐይኔ ከድንጋዩ ላይ ተነሥቶ የአንድ ሽማግሌ ጀርባ ላይ ተተክሎ አልዋለም። አያ ስልቻውን በትከሻቸው አንግተው ከፊቴ ይወርዱ ነበር።

«አያ፣ ስልቻውን እኔ ልያዝልዎት?»

«ከአፋፍ ወዲህ አይቀባበሉትም።»

«ማን ከለከለ?»

«የሚከለክል ሰው የለም። አይቀባበሉትም።»

ቍልቍለቱ መካከል ላይ አያ ከመንገዱ ወጥተው ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ኋላ ተሰወሩ። ስልቻው ትከሻቸው ላይ ነበር። ሃያ ሰከንድ ጠብቄ ተከተልሁ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሽንታቸውን ይሸኑ ነበር።

«ይኼንንም ልትመዘግቢው ነው?» አሉ ሳይዞሩ።

ይቅርታ አልጠየቅሁም። መውረዱን ስንቀጥል ግን ለረጅም ጊዜ ብቻቸውን ሲስቁ ሰማኋቸው፤ ሳቃቸው ንጹሕ ነበር። ንጹሕ ሳቅ የሚችል ሌባ አለ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁና አለ ብዬ መለስሁ።

ማኖሪያ የሚሉት ድንጋይ ከወንዙ በላይ፣ ሸለቆው በሚጠብበት ቦታ ላይ አለ። ጠፍጣፋ ነው፤ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ። አጠገቡ ካለች የግራር ቅርንጫፍ ላይ አንድ ረጅም ግራጫ ድንጋይ በጠፍር ተንጠልጥሏል፤ ሲመቱት እንደ ብረት የሚጮኽ፣ በገጠር አብያተ ክርስቲያናት ለደወል የሚሆን ዓይነት። ከማኖሪያው አልፎ ሴት አትሄድም። ወንድም ቢሆን ካልመነነ አይሄድም። የመናኞቹ ዋሻዎች ከዚያ በላይ በሸለቆው ማጠፊያ ተሰውረዋል፤ አይታዩም።

ድንጋዩ ላይ ያለፈው ዓመት ስልቻ ነበር፤ ባዶውን ተጠቅልሎ፣ ነፋስ እንዳይወስደው በገዛ ማሰሪያው ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚመለሰው። አያ ከማንሣታቸው በፊት በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። ከአራት አቅጣጫ። ምን እንደማነሣ ግን አላውቅም ነበር።

አያ አዲሱን ስልቻ አኖሩ። የድንጋዩን ደወል ሦስት ጊዜ መቱ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡና፣ «እንሂድ። ወደ ኋላ አያዩም» አሉኝ።

«እኔ አያለሁ።»

«አይታይም አልሁሽ እኮ።»

«ለምን?»

ትዕግሥታቸው ሲያልቅ ድምፃቸው ይቀንሳል። «ካየሽው ለሰው የሰጠሽ ይሆናል። ለእግዚአብሔር አይደለም። እርሱም ከታየ ከዓለም አልወጣም ማለት ነው። ሁለታችሁም ትከስራላችሁ።»

«በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ዞረው አላዩም?»

«አላየሁም።»

«ዝንጀሮ ወስዶት ቢሆንስ?»

«አላየሁም።»

«አባቴ ሞቶ ቢሆንስ፣ አያ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኔን አዩኝ። «እኔ ለማኖር ነው የተላክሁት። ለማየት የተላከ ካለ እርሱ ይይ» አሉና ወደ ላይ ሄዱ፤ ስንወርድ ባለፍነው ሾላ ጥላ ሥር እጠብቅሻለሁ ብለው። ቀጥ ብለው ሄዱ። በዐይኔ ተከተልኋቸው፤ አንገታቸው አልተንቀሳቀሰም።

ከአንድ ቋጥኝ ኋላ ተቀመጥሁ። ማኖሪያውንም አያ የሄዱበትንም ዳገት በአንድ ላይ የሚያሳየኝን ቦታ ነበር የመረጥሁት፤ ዞረው መጥተው ስልቻውን ሊወስዱ ይችላሉና። ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የማስበው ስለ አንድ ጣት ነበር።

አባቴ የቀኝ አውራ ጣቱ ጫፍ የለውም። ከመወለዴ በፊት ማጭድ ቈርጦታል። ስለዚህ ጠፍር ሲያስር በእጁ ስቦ ማጥበቅ አይሆንለትም፤ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ ነው የሚስበው። የሞፈሩን ጠፍር፣ ምራኑን፣ ሲያስር ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጥርሱን ገጥጦ፣ ዐይኑን ጨፍኖ አስታውሰዋለሁ። ከፊቱ የቀረልኝ ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ ፊት እንደማይጠቅመኝ ዐውቅ ነበር። የሚመጣው ሰው ጢምና ቆብ ይሆናል፤ እጁን ግን ማየት አለብኝ።

መጀመሪያ የመጣው ዝንጀሮ ነበር። ትልቅ ወንድ፤ ከገደሉ ወርዶ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሳያይ፣ ባለቤት በሆነ ሰው አረማመድ ወደ ማኖሪያው ሄደ። እውነቱን ልናገር፤ ለአንድ ቅጽበት ደስ አለኝ። መልሱ ይህ ቢሆን ኖሮ እናቴንም አያንም ዕድሜ ልኬን በቀዘቀዘ ልብ ልንቅ እችል ነበር። ነገር ግን እጁ ስልቻው ላይ ሲያርፍ ሳላስበው ብድግ ብዬ ድንጋይ ወረወርሁ። ከማጠፊያው በኩል ደግሞ ሌላ ድንጋይ መጣ፤ የእኔው ስቶ ያኛው መታው። ዝንጀሮው እየጮኸ ሄደ።

ድንጋዩን የወረወሩት መነኵሴ ከእኔ ዐሥር እርምጃ ያህል ርቀው ቆመው ነበር። በጣም ያረጁ፣ በጣም የከሱ፣ በቢጫ ጨርቅ የተጠቀለሉ። እንዳየኋቸው ሲያውቁ ጨርቁን በሁለት እጃቸው ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሁለት እጅ። ዐሥር ጣት። ሁለት ሙሉ አውራ ጣቶች። ሁለት ጊዜ ቈጠርሁ።

ጀርባቸውን አዞሩና፣ «ልጄ፣ ተመለሽ። እዚህ አይቆሙም» አሉ። ድምፃቸው ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት የቈየ የበር ማጠፊያ ይመስል ነበር።

«አባ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ይህ ስንቅ የሚላከው ለእርስዎ አይደለም።»

ሳይዞሩ የእናቴን የክርስትና ስም ጠሩ። እኔ እንኳ ያን ስም የሰማሁት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በቄስ አፍ ብቻ ነው።

«የእርሷ ልጅ ነሽ?»

«ነኝ።»

«በሕይወት አለች?»

«አለች። ታምማለች። የላከችኝም እርሷ ናት። ከእርስዎ በፊት እዚህ የነበረ ሰው ነበር። የቀኝ አውራ ጣቱ…»

«ጐደሎ ነበር» አሉ። «በዚያ እጁ ነው ያጐረሰኝ፤ ታምሜ ስመጣ። እኔ ዳንሁ፤ እርሱ ሞተ። እኔ በመጣሁ ዓመት በሰኔ፣ በሚካኤል ማግስት። በእጄ ቀበርሁት። ስንቅ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የደረሰው።»

ሁለት ጊዜ። የቀሩትን ዓመታት በአእምሮዬ ደመርሁ፤ እያንዳንዱን ነሐሴ ጨምሬ።

«መልእክት መላክ ይችሉ ነበር፣ አባ።»

«በማን? የሚያመጣው አያይም፤ እኔ አልታይም።»

«ስልቻው ውስጥ ምልክት ማስቀመጥ ይቻላል። ቢላ ያለው ሰው አንድ ድንጋይ ላይ አንድ ፊደል መጫር አያቅተውም።»

ጀርባቸው ላይ አጥንቶቻቸው ሲንቀሳቀሱ አየሁ። «እውነት ነው» አሉ። «ይቻል ነበር። ስንቁ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ። መጀመሪያ ለአንድ ክረምት ብቻ አልሁ። በየዓመቱም እንዲያው አልሁ። እርሱ ሲሞት ስሟን ነግሮኝ ነበርና በየዕለቱ ጠርቼ ጸልዬላታለሁ፤ ግን ፈርቼ ነው ዝም ያልሁት። ይህን እንዳለ ንገሪልኝ። አታሳምሪልኝ።» ቀጥለውም፣ «ስልቻው ያንቺ ነው። ውሰጂው» አሉ።

ልጅነቴን ሁሉ የፈለግሁትን ሌባ አግኝቼ ነበር። ከነኑዛዜው። ወደ ማኖሪያው ሄድሁና ስልቻውን አነሣሁት። ክብደቱን በክንዴ ያዝሁ። በዘጠኝ ዓመቴ ልደርስበት በማልችል ከፍታ ላይ የነበረው ክብደት ይህ ነው። ከዚያ መልሼ አኖርሁት። ዳገቱን ተሸክሜው መውጣት ስለማልችል ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ፣ እውነት አይደለም። እውነቱን ግን አላወቅሁትም።

ስሄድ ወደ ኋላ አላየሁም። በሥርዓቱ ስላመንሁ አይደለም። ሲያነሡት ማየት አልፈለግሁም።

ሾላው ሥር አያ ተጋድመው ነበር። ስጠጋ ተነሥተው ተቀመጡ።

«አየሽ?»

«አየሁ።»

«እንዳትነግሪኝ።»

«አያ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ማንን…»

«እንዳትነግሪኝ አልሁ!» በእጃቸው ጆሯቸውን ያዙ። «ነገ ዓመት ደግሞ መሸከም አለብኝ። ለማን እንደ ሆነ ካወቅሁ ይከብደኛል።»

ሽቅብ ስንወጣ ስለ አርብ ገበያ ጠየቅኋቸው። ደነገጡ፤ ቀጥሎ ሳቁ። እኅታቸው እዚያ ነበር የተዳረችው፤ ሊጠይቋት ይሄዱ ነበር። አህያዋስ ለምን ወፈረች ብዬ ጠየቅሁ። «የተጠረጠርሁት እኔ ብቻ መሰለኝ» አሉ። «አህያዬንም ተጠራጥረሻት ኖሯል!» የወፈረችው ስለማትወልድ ነው፤ መካን ናት።

ወገዳ ስንደርስ እናቴ በተውኋት ቦታ ነበረች። አያ ባዶውን ስልቻ ሰጥተዋት ወጡ። እርሷ ወደ ደጅ፣ ወደ ብርሃኑ ዞራ፣ ማሰሪያውን ሳትፈታው ለረጅም ጊዜ አየችው። ይህን ድርጊት ከልጅነቴ ዐውቀዋለሁ። ባዶው ስልቻ በመጣ ቍጥር ወስዳው ጓዳ ትገባ ነበር፤ ማንም እንዲፈታው አትፈቅድም። የምትደብቀን ነገር አለ ብዬ፣ በዐሥራ አንድ ዓመቴ፣ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለ ቀድሜ ፈትቼዋለሁ። ደብዳቤ ነበር የፈለግሁት። የበሶ ሽታ ብቻ አገኘሁና እንደ ነበረ መልሼ አሰርሁት።

ሁሉንም ነገርኋት፤ በቅደም ተከተል። ጣቶቹን፣ ሰኔ ሚካኤልን፣ የመነኵሴውን ፍርሃት፣ እንዳለ፣ ሳላሳምር። አላለቀሰችም። አለማልቀሷን አስተዋልሁና አሮጌው ጥርጣሬዬ ወደ እርሷ ዞረ።

«ታውቂ ነበር» አልኋት።

እጇን ከትራሷ ሥር ሰድዳ አንዲት ትንሽ ሙዳይ አወጣች። ከውስጧ የተጠቀለለ አሮጌ ጠፍር አወጣችና ጕልበቴ ላይ አኖረችው። የዛሬውንም ፈትታ ከአጠገቡ አኖረች። የአሮጌው ጫፍ ተጨምድዶ ነበር፤ በአንድ ወገን ሦስት፣ በሌላው ሁለት፣ ጥልቅ ያሉ የጥርስ ምልክቶች። የዛሬው ጫፍ ለስላሳ ነው።

«ይኼ የመጀመሪያው ዓመት ነው» አለች። «በሁለተኛው ጥርስ አልነበረበትም። ግን አንቺ ፈትተሽው ነበር።»

«ዐውቀሽ ነበር?»

«የልጅ እጅ ያሰረው አይታወቅም ብለሽ ነው? አበላሸሽብኝ። የእርሱን ምልክት አጠፋሽው ይሆን አልሁና ሌላ ዓመት ጠበቅሁ። በሦስተኛውም ጥርስ የለም። ያን ጊዜ ዐወቅሁ።»

ሁለቱን ጠፍሮች በእጄ ያዝሁ። እኔ ያን ስልቻ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሥቼ ምንም አላየሁበትም። ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪዎች የማስተምረውን፣ አንዱን ከሌላው አስጠግቶ ማየትን፣ የተበከለውን ናሙና ጥሎ ሌላ መጠበቅን፣ እርሷ በጓዳዋ ብቻዋን ስትሠራው ኖራለች።

«ታዲያ ለምን ላክሽኝ?»

«ጠፍር ይዤ ቄስ ዘንድ ልሂድ? ተዝካር ላውጣ ብል፣ ማን አየው፣ መቼ ሞተ፣ ይሉኛል። ያየ ሰው ያስፈልገኛል። አጎትሽ አኑሮ ይመጣል እንጂ ዞሮ አያይም። አንቺ ታያለሽ፤ አትዪ ካሉሽ ደግሞ ይበልጥ።»

«ስንቁንስ? መሞቱን ዐውቀሽ ለምን ላክሽ?»

«ማሰሪያውን የሚያስር ሰው ነበራ» አለች፣ ግልጽ የሆነ ነገር እንደ ጠየቅኋት ሁሉ። «ነፋስ ስልቻ አይጠቀልልም። እየበላ ያለ ሰው አለ ማለት ነው። ያንን ማን ይከልክለው?»

«እኛስ? በክረምት እኛ ምን እንበላ እንደ ነበር ረስተሻል?»

«አልረሳሁም» አለች። ድምፅዋ እንደ እኔው ቀዝቃዛ ነበር፤ ከማን እንደ ወረስሁት ያን ጊዜ ሰማሁት። «አንቺ ርቦሽ አደግሽ። አደግሽ ግን። እርሱ እንዲያድግ ሳይሆን እንዳይሞት ነው የምልከው።»

ይቅር አላልኋትም። አሁንም አላልሁም፤ ይህን የምጽፈው ይቅር ብያለሁ ብዬ ለማስመሰል አይደለም። ያ እህል የእኔ ነበር።  ግን ቀኑን በትክክል እፈትሽ ዘንድ የበዓል መቍጠሪያውን ጠየቅኋት። ተዝካሩ ለሰኔ ሚካኤል ማግስት ይሁን አለች፤ እስከዚያ ከቈየች። ካልቈየችም ከእርሷው ጋር አንድ ላይ ይውጣ አለች። ለእህሉ፣ ለጠላው፣ ለቄሶቹ የሚያስፈልገውን እየነገረችኝ በማስታወሻዬ ጻፍሁ። ለመጪው ጥር ስንቅ ከጎተራው የሚነሣውን ገብስና ሽምብራም አጻፈችኝ። እርሷ ባትኖር አያ ከማን እንደሚረከቡት አልተናገረችም። አልጠየቅኋትም።

ጽፌ ስጨርስ ሁለቱን ጠፍሮች ከእጄ ወስዳ አሮጌውን ወደ ሙዳዩ መለሰች፤ አዲሱን ስልቻው ላይ ጣለችው።

«ያ እዚያ ያለው መነኵሴስ፣» አለች፣ «ጥርስ አለው?»

አላየሁም አልኋት። ጣቱን ስቈጥር ጥርሱን አላየሁም።

ራሷን ነቀነቀች። አነቃነቋ ሰነፍ ተማሪ ሳርም እኔ የማደርገው ነበር። «እንግዲህ የሽምብራ ቆሎው ይቅር» አለች። «በሶውን አብዢው።»

ሽምብራውን ሰረዝሁ።